ትርጉሙን ሸምድደውታል፣ ነገሩ ግን አልገባቸውም፦ ረቂቅ የታሪክ ሐሳብን ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች ማስተማር

ጥያቄ፦ «ከቢቸና ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ልጆች አሉኝ። ‹ግብር›፣ ‹የመሬት ሥሪት›፣ ‹ማእከላዊ መንግሥት› የመሳሰሉትን ቃላት ትርጉማቸውን ሸምድደው በፈተና ይመልሳሉ። በራሳችሁ አባባል ንገሩኝ ስላቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ውይይት ስሞክር ሁልጊዜ የሚያወሩት ሦስት አራት ልጆች ናቸው። ጻፉ ስላቸው ማስታወሻቸውን ይገለብጣሉ። ለዚህ ነገር ዕድሜያቸው አልደረሰም ማለት ነው? እስከ 7ኛ ክፍል ብተወው ይሻላል?»

ምላሽ፦ አይተዉት። ችግሩ ከዕድሜያቸው አይደለም። ትርጉሙ ከነገሩ በፊት እየቀደመ ነው። ልጁ ምንም ጉዳይ ሳያይ «ግብር ማለት…» ብሎ ደብተሩ ላይ ከጻፈ በኋላ በራስህ አባባል ተናገር ቢባል፣ ከየት ያመጣዋል?

«ልጅ ረቂቅ ነገር አይገባውም» የሚለው እምነት የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አገር አጥኚዎች፣ የልጅ አስተሳሰብ በዕድሜ ደረጃ በደረጃ ያድጋል ያለውን የሥነ ልቡና አጥኚ የፒያዤን ደረጃዎች ወስደው በታሪክ ትምህርት ላይ ሞከሯቸው። ልጆች በታሪክ ላይ በትክክል የሚያስቡት በጉርምስና መጨረሻ አካባቢ ነው አሉ። ቆይተው ፒተር ሊ እና ሮዛሊን አሽቢ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በሰፊው አጠኑ። ያገኙት ከዚያ የተለየ ነበር። አንዳንድ የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች ስለ ምክንያትና ስለ ማስረጃ የሚያስቡት፣ በዕድሜ ብዙ ከሚበልጧቸው አንዳንድ ልጆች የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። ልጁ ምን ጥያቄ ተጠይቆ እንደሚያውቅም ይወስናል።

የእርስዎን ልጆች ደግሞ እንያቸው። የ11 ዓመት የገጠር ልጅ የማሳ ድንበር ሲገፋ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሽማግሌ ሲቀመጥ አጠገብ ቆሞ ሰምቷል። በወንፈል ዛሬ የሄደ ሰው ነገ እንደሚመጣለት፣ የቀረ ደግሞ እንደሚታማ ያውቃል። ቤቱ ውስጥ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አይቷል። መብት፣ ግዴታ፣ ሥልጣን፣ ማስረጃ የምንላቸው ሐሳቦች ጥሬ ዕቃቸው እጁ ላይ አለ ማለት ነው። የጎደለው ያንን ከጥንቱ ጉዳይ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው።

አንድ የሚደባለቅ ነገር አለ፤ እሱን ላጥራ። «ረቂቅ» ተብለው በአንድ የሚታሰሩት ሐሳቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ የታሪኩ ይዘት ናቸው፦ ግብር፣ ርስት፣ ጉልት፣ ማእከላዊ መንግሥት። ሌሎቹ ደግሞ ታሪክን የምናስብባቸው ናቸው፦ ምክንያት፣ ለውጥ፣ ማስረጃ፣ የዘመን ርቀት። መጽሐፉ የመጀመሪያዎቹን በደማቁ ይጽፋቸዋል። ሁለተኛዎቹን እንደሚታወቁ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ልጆቹ በብዛት የሚወድቁት ግን እዚያ ነው። ርስት ምን እንደሆነ በቃሉ የሚነግርዎ ልጅ «ታዲያ ገበሬው ለምን አመፀ?» ሲባል «ገዥው ክፉ ስለነበረ» ይላል። ለሁሉም ነገር አንድ ክፉ ሰው ይፈልጋል። በ10 እና በ11 ዓመት ይህ የሚጠበቅ ነው። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ምሳሌውን ከራሳችሁ አገር ልውሰድ፤ በ1960 ዓ.ም. የተነሣውን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ። ቢቸና ሆነው ይህን ርእስ ካልተጠቀሙበት ያስቆጫል።

ክፍለ ጊዜውን በትርጉም አይጀምሩ። በጥያቄ ይጀምሩ፦ ከቤታችሁ ለቀበሌ የሚከፈል ነገር አለ? ማን ይከፍላል? ለምን ይመስላችኋል? ባይከፈልስ? አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ታሪኩን ሰሌዳ ላይ በአጭሩ ይጻፉት፤ ወይም ጠመኔውን አስቀምጠው በቃል ይንገሩት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር አወጀ። ግብሩን ለመወሰን ሹማምንት ወደ ገጠር ወጥተው የገበሬውን ምርት መገመት ነበረባቸው። የጎጃም ገበሬ መሬት በአብዛኛው ርስት ነው፤ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም የሚወረስ። ገበሬው መሬቴ ሊለካ ነው፣ ከተለካም ርስትነቱ ሊቀር ነው ብሎ ሰጋ። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ቦታዎች አልከፍልም አለ። መንግሥት ጦር ላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሠረዘ።» ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ካበዙት ልጆቹ ዝርዝሩን ለመያዝ ሲሮጡ ማሰቡን ይተዉታል።

ቀጥለው አራት ነገር ሰሌዳ ላይ ያስፍሩ፦ አዲሱ ግብር፣ የመሬት ልኬት ስጋት፣ በሹማምንቱ ላይ የነበረ ቅሬታ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣን ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ አለማመን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ከአራቱ አንዱን ብናወጣው አመፁ ይነሣ ነበር?» ይህ ጥያቄ ብዙ ሥራ ይሠራል። ገዥው ክፉ ስለነበረ ነው ያለውን ልጅ «ደግ ገዥ ቢሾም ግብሩን ይከፍሉ ነበር?» ይበሉት። ድሃ ስለነበሩ ነው ላለችው «በሌላው ጠቅላይ ግዛትም ድሃ ገበሬ ነበረ፤ ታዲያ የጎጃሙ ለምን እንዲህ በረታ?» ይበሏት። ልጆቹ ይከራከራሉ። አንዱ ልኬቱን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ሌላው ግብሩን። የትኛው ትክክል እንደሆነ ወዲያው አይፍረዱ። የታሪክ ሰዎችም በእያንዳንዱ ምክንያት ክብደት ላይ አንድ ቃል አይደሉም።

«ግብር» እና «ርስት» የሚሉት ትርጉሞች የሚመጡት አሁን ነው፤ በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ወይም በማግስቱ። ያኔ የመጽሐፉን ትርጉም ከራሳቸው አባባል አጠገብ ይጻፉት፤ ምን ጎደለን፣ ምን ጨመርን ብለው ያስተያዩት። ጉልትንም እዚሁ ላይ ማስገባት ይቻላል። የርስት ባለቤቱ መሬቱን ያርሳል፤ ባለጉልቱ ግን ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት አለው። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት መብት ሊያርፍ ይችላል። ልጆች ይህን ማሳ ሥለው፣ የሚያርሰውንና የሚቀበለውን በሁለት ቀለም ካሳዩት በቶሎ ይገባቸዋል። ከዚህ በኋላ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ሁለቱ መብቶች ምን እንደሆኑ ቢጠይቋቸው፣ «ለውጥ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ይመጣል።

አሁን ወደ ጸጥታው። ልጆቹ ዝም ያሉት ስላላወቁ ነው ብለው አይደምድሙ። በእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው፤ እንዲያውም ይመሰገንበታል። ያንን ልጅ በ60 ጓደኞቹ ፊት አስነሥተው «አስተያየትህን ስጥ» ቢሉት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠገቡ ላለው ልጅ ብቻ ይንገር። ሁለት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ርእሰ መምህሩ ብቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ይሁን። ከዚያ ሲጠይቁ «አንተ ምን ታስባለህ?» ሳይሆን «ጓደኛህ ምን አለህ?» ይበሉ። የሌላ ሰው ሐሳብ መናገር ይቀላል። ጥያቄ ጠይቀው ደግሞ ይጠብቁ። አሜሪካዊቷ አጥኚ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲጠብቁት ረጅም ነው። ይቻሉት።

አንድ ለአምስት አደረጃጀቱን (አንድ ጎበዝ ልጅ ሌሎቹን የሚመራበትን ቡድን) በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ እንዳለ አይውሰዱት። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማየው ይህን ነው፦ መሪዋ ጎበዝ ልጅ ትጽፋለች፣ ሌሎቹ እርሳሷን ያያሉ፣ «ቡድናችን» ተብሎ ይቀርባል። ለረቂቅ ሐሳብ ጥንድ ይሻላል። ቡድኑን የግድ መጠቀም ካለብዎት የሚናገረው በየጊዜው ይለዋወጥ፤ መሪዋ በመጨረሻ ብቻ ትናገር።

የክርክር ልማድ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። በላ ልበልሃ የአባቶቻችን የችሎት ሙግት ነበር። «ተጠየቅ» ሲባል ባላጋራው ቆሞ ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ ይመልሳል። ለክፍል አንድ ደንብ ይጨምሩበት፦ የሚመልሰው ልጅ መጀመሪያ የተባለውን በራሱ አፍ ይድገም፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ካለ ብቻ ይቀጥል። ይህቺ ደንብ ብዙ ጩኸት ታስቀራለች። ግን በየሳምንቱ አይሞክሩት። ሙግት ማሸነፍና መሸነፍ አለበት፤ ልጆች አንዴ ለማሸነፍ ከተነሡ ማስረጃውን ይረሱታል። በወር አንዴ ይበቃል።

መጻፍን በሚመለከት ጥያቄዎ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ጻፉ ሲሏቸው የሚገለብጡት መጻፍ ስለማይችሉ ሳይሆን፣ እስካሁን መጻፍ ሲባል ማስታወሻ መገልበጥ ስለሆነ ነው። የሚገለብጥ ልጅ አያስብም፤ እንዲያስብም አይጠበቅበትም፤ ሥራው ፊደል ማዛመድ ነው። ሐሳብን መጻፍ ሌላ ሥራ ነው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አልቀረም። የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል፤ ይጣልበታል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚሞክረውም ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። እርስዎም እንዲሁ ከትንሹ ይጀምሩ። ድርሰት አይጠይቁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከውይይቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ትክክል ይሁን አይሁን ግድ የለም። ከውይይቱ በኋላ ያችኑ ዐረፍተ ነገር ያሻሽላል። ለማሻሻያ ሦስት አያያዥ ቃላት ይስጧቸው፦ ምክንያቱም፣ ነገር ግን፣ ስለዚህ። «የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን ግብር አልከፍልም አለ፣ ምክንያቱም…» ብለው ይጀምሩላቸው፤ እነሱ ይጨርሱ። ያንኑ መነሻ በ«ነገር ግን»፣ ከዚያም በ«ስለዚህ» ይጨርሱ። ምክንያቱም የሚለውን ሁሉም ልጅ ይሞክረዋል። ነገር ግን ላይ ብዙዎቹ ይቆማሉ፤ ሁለት ሐሳብ በአንድ ጊዜ መያዝ ስለሚጠይቅ። ማን ገብቶት ማን እንዳልገባው የሚያዩትም እዚያ ላይ ነው። ወር ያህል ከለመዱት በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ይህን የምለው … ስለሰማሁ ወይም ስላነበብኩ ነው።» ማስረጃ የሚለው ሐሳብ ቀስ ብሎ የሚገባው በዚህች በር ነው።

60 ደብተር ማን ያርማል? ማንም። በየቀኑ ስምንት አሥር ደብተር ይሰብስቡ፤ ሁሉም ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዳረሳል። የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ ስሕተት ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይቆይ። በቀይ እስክሪብቶ ፊደል የታረመለት ልጅ ሐሳቡ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አጭርና የማያሳፍር ነገር ጽፎ ያስረክባል። አንድ ጥያቄ ብቻ ሥሩ ላይ ይጻፉለት፦ «በምን አወቅህ?» ወይም «ሌላስ ምክንያት?»። ወደ አዊ አካባቢ ላሉ መምህራንም ልጨምር፦ አፋቸውን በአገውኛ የፈቱ ልጆች በጥንድ ሲነጋገሩ በቋንቋቸው ይነጋገሩ፤ ወደ አማርኛ የሚመጡት ሲጽፉ ይሁን። ሐሳቡ ቀድሞ ከጠራ ቋንቋው ይከተላል።

የዘመን ርቀት ለብቻው መታየት አለበት። ለልጅ «ድሮ» አንድ ክፍል ነው፤ ላሊበላም፣ ቴዎድሮስም፣ ጣሊያንም እዚያ አብረው ተቀምጠዋል። ሜዳ ያውጧቸው። አንድ እርምጃ 10 ዓመት ይሁን፤ ከዛሬ ተነሥተው ወደ ኋላ ይራመዱ። ጣሊያን የወጣበት 1933 ዘጠኝ እርምጃ ያህል ነው። አድዋ 13 ነው። ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡበት 1873፣ ከዚያ አንድ ተኩል ያህል ብቻ ይርቃል። ጎንደር በፋሲል ከተማ ስትሆን 39 ገደማ ይደርሳል። ንጉሥ ኢዛናን ለማግኘት 170 ገደማ እርምጃ ያስፈልጋል፤ አጥሩን ዘልለው የጎረቤት ማሳ ውስጥ ሳይገቡ አይቀርም። ተመልሰው የገረማቸውን አንድ ነገር ይጻፉ። እግረ መንገድዎን የመጽሐፉን ዓመታት ይፈትሹ። አንዱ ገጽ 1888፣ ሌላው 1896 ካለ፣ አንድ የአድዋ ጦርነት ለልጁ ሁለት ይሆንበታል። ሁሉንም ወደ አገራችን አቆጣጠር መልሰው ይስጧቸው።

«ማእከላዊ መንግሥት» ለሚለው አንድ እንቆቅልሽ ልስጥዎት። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ። በ1888 ዓ.ም. ሁለቱም አድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፉ። በ14 ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? ልጆቹ «ታረቁ» ይላሉ፤ እሱም አንድ መልስ ነው። ከዚያ ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ይጠይቋቸው፦ አንዱ ሌላውን ማዘዝ ይችላል? ግብር ለማን ይደርሳል? ጦር ማን ይጠራል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ትርጉም የበለጠ ያስረዳሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የቤተሰብ ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ ማለት ያምራል፤ ግን መሬት፣ ባንዳነትና የዘር ሐረግ በጎጃም ቤቶች ውስጥ ገና ትኩስ ናቸው። የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ቂም ያልወጣለት ቤት አለ። የሸማኔ፣ የፋቂ፣ የቀጥቃጭ ልጆች በሥራቸው ሲሰደቡ የኖሩ ናቸው፤ «አያትህ ርስት ነበራቸው?» የሚል ጥያቄ በክፍል ፊት እነሱን ማዋረድ ይሆናል። የግል ቤት ጥያቄ ወደ ክፍል አይምጣ፤ የሰፈር ይሁን። የዛሬውን ግጭትም ወደ ክርክር አያምጡት። ልጆቹ ራሳቸው ካነሡት በእርጋታ ሰምተው ወደ ጉዳዩ ይመልሷቸው። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ልጅ ቤት ሄዶ የሚናገረውን እርስዎ አይቆጣጠሩትም።

«የአድዋ ዘማች ነህ እንበል፤ ለእናትህ ደብዳቤ ጻፍ» የሚለውን የተለመደ ሥራ እኔ በዚህ ዕድሜ አልመክርም። ልጁ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ የቀረውን ከፊልም ይሞላዋል፤ ያምራል፤ ታሪክ ግን አይደለም። የአዛውንት ምስክርነትም ይመዘን። ዛሬ 80 ዓመት የሆናቸው አያት ጣሊያን ሲወጣ ገና አልተወለዱም። ስለ በላይ ዘለቀ የሚነግሩት የሰሙትን ነው። ልጆቹ «ያዩትን ነው ወይስ የሰሙትን?» ብለው በአክብሮት መጠየቅ ከለመዱ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የሰሙት ነገር ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ሰው ጀግናውን እንዴት እንደሚያስታውሰው ያሳያል።

የዚህ አካሄድ ወሰንም ይታወቅ። ጊዜ ይበላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ገጽ መሸፈን አይቻልም። ፊውዳሊዝምን እንደ ሙሉ ሥርዓት፣ ርእዮተ ዓለምን፣ የመደብ ትንታኔን 5ኛ ክፍል ላይ አያስገቡት፤ ይቆይ። ማንበብ ገና የሚቸገሩ ልጆችም ይኖራሉ፤ በተለይ ትምህርት ተቋርጦባቸው የተመለሱት። እነሱ በቃል ይመልሱ፤ ጓደኛቸው ይጻፍላቸው።

የእኔ ምክር የማያወላዳ ነው። በዓመት አራት ሐሳብ ብቻ ይምረጡ፦ ግብር፣ ማእከላዊ መንግሥት፣ ምክንያት፣ ማስረጃ። የቀረውን እንደወትሮው አስተምረው ይለፉ። ለእያንዳንዱ ስድስት ሳምንት ያህል ይስጡት፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ አካሄድ፣ ሌላው በተለመደው። በግብር ይጀምሩ፤ ለልጆቹ የሚቀርበው እሱ ነው። የምርጫ ጥያቄ ያለበት ፈተና እንዳያስፈራዎ። ትርጉሙን አልተዉትም፤ ቦታውን ነው የቀየሩት። የዓመቱ ዕቅድ ወደ ኋላ ቀረ ብለው ርእሰ መምህሩ ከጠየቁ፣ የሦስት ልጆችን የመጀመሪያ ሳምንትና የስድስተኛ ሳምንት ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩአቸው። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ከዛሬ ጀምሮ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በኋላ ልጆቹ ይጥሏቸዋል።